በደማችን አለ ያልነው መርሳት

ሠላሳ አራት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ፤ መጀመሪያ አርሲ ሮቤ፣ በኋላ አሰላ። በየዓመቱ የዘር ውርስ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ተማሪዎቼን «ከእናት ከአባታችሁ ምን ወረሳችሁ?» ብዬ እጠይቃቸው ነበር። አንዱ አፍንጫዬን ይላል፣ አንዷ ቁጣዬን ትላለች፣ ክፍሉ በሳቅ ያልቃል። እኔ ከእናቴ ወረስኩት ብዬ የምፈራውን ነገር ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

እናቴ በመጨረሻዎቹ ዓመታት የወለደቻቸውን ልጆች አታውቅም ነበር። እኔን በሞተው ወንድሟ ስም ጠርታ «መንገዱ እንዴት ነበር?» ትለኛለች። ከእሷ በኋላ ደግሞ ሲሬ ይኖር የነበረው ታላቅ ወንድሜ ጋሽ ግርማ ሰባ ዓመት ሳይሞላው መርሳት ጀመረ። ሦስት ዓመት ተሠቃይቶ አረፈ። እኛ ዘንድ ይህ ነገር ስም ወጥቶለት ነበር፤ «የቤታችን በሽታ» እንለዋለን። ጮክ ብሎ የሚጠራው ግን የለም።

የእኔ ሕመም በመርሳት አልጀመረም፤ በጀርባዬ ነው የጀመረው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ አስቴርና እኔ በግቢያችን ላም እናረባ ነበር። የመጀመሪያዋን የፈረንጅ ዝርያ ጊደር የሰጠኝ ጋሽ ግርማ ነው፤ ከመሞቱ ሁለት ዓመት በፊት፣ ስም እየተሳሳተም ከብቶቹን ገና ያውቅ በነበረበት ጊዜ፣ ከራሱ በረት መርጦ። ያቺ ጊደር መጀመሪያ ያረገዘችውን በሰባተኛ ወሯ አስወረደች። ጠዋት ስገባ ጽንሱ ግማሹ ወጥቶ ቀርቶ ነበር። እጅጌዬን ሰብስቤ በባዶ እጄ ስቤ አወጣሁት፤ የቀረውን እንግዴ ልጅም እንደዚያው። ባዮሎጂ መምህር ነኝ ብያችኋለሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍ እጄን እያየሁ አፍራለሁ።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ወገቤን ያመኝ ጀመር። ማምሻውን ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ከዚያ ትኩሳት፣ ሲነጋ ደግሞ ፍራሹ እስኪርስ ላብ። ሦስት ቀን ይተወኝና ይመለሳል። አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ፤ ደም ሰጠሁ፤ «ታይፎይድ ነው» አሉኝ። መርፌ ተወጋሁ፣ ተሻለኝ፣ በወሩ ተመለሰ። ሌላ ክሊኒክ «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አለ። ሦስተኛው ኩላሊት ነው አለ። አራተኛው ወረቀቶቼን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ «ጋሼ፣ ዕድሜም እኮ አለ» አለኝና ፈገግ አለ። በየክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተራዬን ስጠብቅ የዋልኩበት ጊዜ ተደምሮ አንድ ወሰነ ትምህርት ሳይሆን አይቀርም። አንድም ሰው ግን ከብት አለህ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልተናገርኩም፤ ላምና ወገብ ምን ያገናኛቸዋል?

ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ግማሹን ራሴ አላስታውሰውም። ልጄ ሜሮን እየነገረችኝ ነው የምጽፈው። መጀመሪያ የጠፉብኝ ቃላት ናቸው አለች። ማንኪያ ማለት አቅቶኝ «ያ... የሚዛቅበት» እል ነበር። ቀጥሎ ቁጣ መጣ፤ ሬዲዮኑን ማን ዝቅ አደረገው ብዬ እጮሃለሁ፣ ሬዲዮኑ ግን ለጎረቤት ይሰማል። ከዚያ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሃያ ዓመት የኖርኩበትን ቤት አልፌ ሄድኩ። አስቴር እጄን ይዛ መለሰችኝ። ማታ ሜሮንን «እንደ ወንድሙ ነው» ብላ ነገረቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ወገቤ የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ስለ ወገቤ መናገር ትቼ ነበር መሰለኝ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ከረባት አስሬ፣ አሮጌ የማስታወሻ ደብተር ይዤ ከቤት ወጣሁ። መናኸሪያ ሄጄ ሮቤ የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ሮቤ ወርጄ በጋሪ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩና በሩ ላይ የቆመውን ጥበቃ «አዲስ የተመደብኩ መምህር ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩን ጥራልኝ» አልኩት።

ጥራልኝ ያልኩት የድሮው ርዕሰ መምህር ከሞተ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖታል።

ጥበቃው ሁሴን ይባላል። ድሮ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ አሁን እሱም ሸብቷል። «አካም ጅርቱ ቲቸር?» ብሎ በኦሮምኛ እንደምን ነዎት አለኝ፤ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። ዓይኔን አይቶ ነገሩ ገባው። አልሳቀም፣ አላረመኝም።

«ርዕሰ መምህሩ ስብሰባ ላይ ናቸው» አለኝ። «እዚህ ፀሐዩ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ። እኔም አብሬዎት እጠብቃለሁ።»

ደብተሩ ውስጥ የሜሮን ስልክ ተጽፎ ስለነበር ደወለላት። እሷ ከአሰላ እስክትደርስ ድረስ ከጎኔ አልተነሳም። «ስደርስ ሁለታችሁም በሩን እያያችሁ ቁጭ ብላችኋል፣ አንተ ደጋግመህ 'ይዘገያሉ እንዴ?' ትለዋለህ፣ እሱም 'አሁን ይወጣሉ ቲቸር' ይልሃል» አለችኝ ሜሮን። ከዚያ ቀን የማስታውሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሰውየው እጅ ሙቀት።

ከሮቤ መልስ ወደ ትልቅ ከተማ ወሰዱኝ። ጭንቅላቴ ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራት ከፍ አድርጎ እያየ «በቤተሰብ አለ?» አለ። አስቴር «እናቱም ወንድሙም» አለችው። ፊልሙን አስቀመጠ።

«እንግዲህ በዘር ያለ ነው። መድኃኒት የለውም። ቤታችሁ ውሰዱና ተንከባከቡት፤ በሩን ብቻ ዝጉ፣ እንዳይጠፋ።»

እኔ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ስለሌላ ሰው የሚያወሩ ነበር የመሰለኝ። ብዙ ነገር ከአእምሮዬ ሲጠፋ ይህ ዓረፍተ ነገር ግን አልጠፋም። «በሩን ብቻ ዝጉ።» እንደዚያ ዓይነት ድንጋጤ በሕይወቴ አላውቅም። 

ቤት ስንመለስ ለግቢው በር ቁልፍ ተገዛለት። ሜሮን ያኔ ታጭታ ነበር፤ የሠርጉ ቀን ሊቆረጥ ነው እየተባለ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ ጓዳ ውስጥ ከእናቷ ጋር ስታወራ ሰማኋት። የማይገባኝ መስሏት ድምጿን አልቀነሰችም።

«ተመልከቺ እማዬ፤ አያቴ፣ ጋሽ ግርማ፣ አባዬ። ቀጥሎ ማን ነው? እኔ ነኛ። ልጅ ወልጄ ለእሱም ላወርሰው ነው?»

«ዝም በይ» አለቻት አስቴር።

«ዝም አልልም። ለሰውየው መንገር አለብኝ።»

ተነሥቼ ልገባ ፈለግኩ፤ እግሬ ግን የጓዳውን በር አላገኘውም። በር የፈለግኩበት ግድግዳ ነበር። እዚያው ግድግዳውን ይዤ ቆሜ አለቀስኩ። አስቴር መጥታ «ምን ሆነህ ነው?» ብላ ወደ ወንበሬ መለሰችኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትኩሳቱ በርትቶብኝ በረት ውስጥ ወደቅኩ። አሰላ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ድንገተኛ ክፍል ሞልቶ ስለነበር ኮሪደር ላይ በቃሬዛ ዋልኩ። ወደ ማምሻው አንዲት ወጣት ሐኪም መጣች፤ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት። አስቴር እንደለመደችው «የመርሳት በሽታ ነው፣ በዘር አለበት» ስትላት ሐኪሟ ጽሑፏን አቆመች።

«እሱን ተዉትና መጀመሪያ የመጣው የቱ ነው? ትኩሳቱ ነው መርሳቱ?»

አስቴርና ሜሮን ተያዩ።

«ትኩሳቱ» አለች ሜሮን። «ከዓመት በላይ ቀድሞ።»

ሐኪሟ በግራ ጆሮዬ በኩል ጣቶቿን አሻሸች። አልሰማሁም። በቀኝ በኩል ስታደርገው ዞርኩ።

«መስማት ያቆሙት መቼ ነው?»

መስማት ማቆሜን ያወቀ ሰው አልነበረም። ሲጠሩኝ ዝም ስል የመርሳቱ ነው ይሉ ነበር።

«ከብት አላችሁ?»

«ሁለት ላም» አለች አስቴር።

«አስወርዳ የምታውቅ አለች?»

አስቴር ነገረቻት።

«ወተቱን አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት?»

አስቴር ተቆጣች። «የእኛ ወተት ጠብታ ውሃ አይገባበትም! እሱ ደግሞ ከጥጃው እኩል ትኩሱን ነው የሚወደው።»

ሐኪሟ ይህንንም ጻፈች። ከዚያ ከጀርባዬ፣ ከአከርካሪው መሃል በመርፌ ውሃ መቅዳት እንዳለባት ነገረቻቸው። ኮሪደሩ በሙሉ ሰማ። አጠገቤ የተኛው ሰው አስታማሚ «የእኔ ዘመድ ከተቀዳ በኋላ ቆሞ አልሄደም» አለች። አስቴር «ሽባ አታድርጉብኝ፣ እንዲያው እንደያዘው ይሙትልኝ» ብላ ቃሬዛውን ያዘች። ሐኪሟ አልተቆጣችም። ውሃው ወገብ ላይ ሲቀዳ የነርቩ ዋና ገመድ ከዚያ በላይ እንዳለቀ በወረቀት ሥላ አሳየቻት። ሜሮን ፈረመች።

ያን መርፌ አስታውሰዋለሁ። በጎኔ ተኝቼ ጉልበቴን አጥፌ ነበር። አንዲት ነርስ ጭንቅላቴን አቅፋ «አይዞዎት አባቴ፣ እንዳይነቃነቁ፣ አለቀ፣ አለቀ» ትለኛለች። አላለቀም ነበር፤ ግን ማለቷን አላቆመችም።

የደሙና የጀርባው ውሃ ውጤት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ወሰደ። ሲመጣ ሐኪሟ ሜሮንንና አስቴርን አልጋዬ አጠገብ አስቀመጠቻቸው። ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ነው አለች፤ ላሞችን የሚያስወርድ፣ ካልፈላ ወተት ወይም ከጨነገፈ ጽንስ ወደ ሰው የሚተላለፍ ባክቴሪያ። ሰው ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ሊቀመጥ ይችላል። ወገብ ይይዛል፣ መገጣጠሚያ ይይዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ አንጎልና የጆሮ ነርቭ ድረስ ይወጣል።

«መድኃኒት አለው?» አለች ሜሮን።

«አለው። ረጅም ነው፤ ወራት ይፈጃል። ግን አለው።»

አስቴር ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። የደስታ አልነበረም። ከእኛ በረት ወተት የምንሰጣቸው ሦስት ጎረቤቶች ትዝ ብለዋት ነው። በማግስቱ በየቤታቸው ዞራ ነገረቻቸው። ሁለቱ ተመርምረው ነጻ ሆኑ፤ የሦስተኛዋ ቤት ልጅ ታሞ ተገኘና ታከመ። እናትየው እስካሁን ሰላምታ አትሰጠንም። አልፈርድባትም። ላሞቹም በእንስሳት ሐኪም ተመርምረው ከበረት ወጡ።

መድኃኒቱ በአፍም በመርፌም ነበር። ካፕሱሉን በጀመርኩ ማግስት ሽንቴ እንደ ቀይ ሥር ቀልቶ ሳየው ደም መስሎኝ ጮህኩ፤ ነርሷ ሮጣ መጥታ የመድኃኒቱ ቀለም ነው ብላ ሳቀችብኝ። በሦስተኛው ሳምንት ግድም አንድ ጎረቤታችን ሊጠይቀኝ መጣና ለአስቴር «ይሄ ከላም የሚመጣ ቫይረስ ነው አሉ» አላት።

«ባክቴሪያ ነው» አልኩት ከአልጋው ላይ። «ቫይረስ ቢሆን ይህ መድኃኒት ምን ይሠራለታል?»

 አስቴር የያዘችውን ብርቱካን ጣለችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተንሰቀሰቀች። ከስንት ወር በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር ለካ።

አእምሮዬ በአንድ ቀን አልተመለሰም። አንዳንዱ ቃል ዛሬም ይዘገይብኛል፤ የግራ ጆሮዬ እስከ መጨረሻው ቀረ። ነገር ግን የቤቴን በር አገኛለሁ። መድኃኒቱን ልጨርስ ስል ሐኪሟን በሆዴ የያዝኩትን ጠየቅኳት።

«እናቴስ? የእሷም ይኸው ነበር?»

«አላውቅም» አለችኝ። «የእናትዎ ትክክለኛ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። ለዚያ የሚያጋልጥ ዘረ መል በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ አለ፤ እርስዎም ይኖርብዎት ይሆናል። ያለበት ሁሉ ግን አይታመምም። እንዲህ ዓይነት የቆየ ኢንፌክሽን አንጎልን ሲያስቆጣው ደግሞ ቀድሞ የተጋለጠ ሰው ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል የሚል ሐሳብ አለ፤ ገና እየተጠና ነው። ለእኔ የሚታየኝ ግን ሌላ ነው። ዘር አለ ተብሎ ሌላውን መፈለግ ሲቆም ነው ሰው የሚጎዳው።»

ሜሮን አብራን ነበረች። ዘረ መሉን መመርመር ይቻላል ወይ አለቻት። እዚህ እንደማይሠራ፣ ቢሠራም ዛሬ የሚለውጠው ሕክምና እንደሌለ ነገረቻት። ሜሮን ለእጮኛዋ ያለውን ሁሉ ነገረችው፤ ያወቅነውንም ያላወቅነውንም። ሠርጉ ዘንድሮ ተደረገ።

ከዚያ ሐኪሟ ካርዴ ላይ እየጻፈች እንደዋዛ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ያቺ ያስወረደችው ጊደር ከየት ነው የመጣችው?»

«ከወንድሜ» ስል የገዛ ድምፄ አስደነገጠኝ።

ቀና አለች። «ወንድምዎ ትኩሳት ነበረው?»

  መልሱን አውቀው ነበር። ጋሽ ግርማ መታመም ሲጀምር ሚስቱ እትዬ ዘነቡ ከሲሬ ደውላልኝ ነበር። «ላብ ያሰጥመዋል፣ ወገቤን ይላል፣ ስም ይሳሳታል፤ አዲስ አበባ ልውሰደው ወይ?» ብላ። የቤቱ የተማረ ሰው እኔ ነኝ። ምን አልኳት መሰላችሁ?

«እትዬ፣ ይህ የእናታችን በሽታ ነው። አያንከራቱት።»

ሁለት ቀን አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን ሜሮንን ይዤ ሲሬ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ፤ ወተቱን እንድታፈላና እንድትመረመር ብቻ ልነግራት፣ ስለ ጋሽ ግርማ ላላነሣ። እትዬ ዘነቡ በር ላይ ተቀበለችን። ከስታለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ነው የምትራመደው። 

የእኔን ሕመም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። 

«ግርማም ይኸው ነበር?» አለችኝ።

«አላውቅም እትዬ። ሊሆን ይችላል። አሁን ማወቅ አይቻልም።»

«ወገቤን ይለኝ ነበር» አለች። «አልጋ ላይ ውሎ፣ ስሜን ረስቶ፣ ወገቤን ማለቱን ግን አልረሳም። እኔ ደግሞ እናታችሁን አስታምሜ ስለነበር ጭንቅላቱን ብቻ ነበር የማየው።»

ያኔ መደበቅ አልቻልኩም። «እርስዎ ልውሰደው ብለውኝ ነበር። አያንከራቱት ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ሜሮን ይህን የሰማችው ያን ጊዜ ነው፤ ዞራ ስታየኝ ፊቷን ማየት አልቻልኩም።

«አስታውሳለሁ» አለች እትዬ ዘነቡ። 

በማግስቱ አብራን አሰላ መጣች። ተመረመረች፤ በሽታው ተገኘባት። ወደ አንጎሏ አልወጣም ነበር። መድኃኒቷን ሐኪም ቤት ስንቀበል ኮሪደሩ ላይ ይቅርታዋን ለመጠየቅ እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ አልኩ። ክንዴን ይዛ አቆመችኝ።

«እኔን ይቅርታ አትበለኝ፤ ይቅር ማለት የሚገባው ሰው የለም፣ ሞቷል» አለችኝ። «ደግሞ አንተ ብቻ አይደለህም። ዛሬም በስልክ የወንድሙ ሚስት ስትጠይቀው 'ተዪው፣ በዘር ነው' የሚል የተማረ ሰው አለ። መጻፍ ትችል የለ? ለእሱ ጻፍለት።»